ማነው የጠዋት ሰው ያለኝ?

ሰው «አንቺማ የጠዋት ሰው ነሽ» ሲለኝ ደሜ ይፈላል። ስድብ አይደለም፣ አውቃለሁ። ሙገሳ ነው። የሚያናድደኝም እሱ ነው። ሰው በሌለው ነገር ሲሞገስ ዝም ብሎ መቀበል አለበት እንዴ?

እውነቱን ልንገራችሁ፤ እኔ እንቅልፍ እወዳለሁ። ልጅ ሆኜ ለትምህርት ቤት የምቀሰቀሰው በውኃ ነበር። እናቴ መጀመሪያ ትጠራኛለች። ቀጥላ ብርድ ልብሱን ትገፋለች። በመጨረሻ ጣቷን ውኃ ነክራ ፊቴ ላይ ታርከፈክፋለች። እኔም ፊቴን ጠርጌ በሌላው ጎኔ እዞራለሁ። እንግዲህ የጠዋት ሰው የምትሏት ይቺን ነው!

ታዲያ ምን ሆነሽ ነው በሌሊት የምትነሺው ትሉኝ ይሆናል። ፉሪ ነበር የምኖረው። በቃ፣ ምክንያቱ ይኸው ነው። ፉሪ የሚኖር ሰው ከአሥራ ሁለት ሰዓት በፊት ከቤቱ ከወጣ ታክሲ ውስጥ ወንበር ያገኛል፤ ራሱን መስኮቱ ላይ አስደግፎ እያንቀላፋ ይሄዳል። ሃያ ደቂቃ ከዘገየ ግን ሰልፉ ሱቁን አልፎ፣ ጋራዡን አልፎ፣ የማያውቀው ሰው አጥር ሥር ያቆመዋል። እዚያ ተገትሮ የሰው ማጅራት ሲያይ ያረፍዳል። ስለዚህ በአሥራ አንድ ሰዓት እነሳለሁ። የወፍ ዜማ ልሰማ አይደለም። ፀሐይ ስትወጣ ላይም አይደለም። ለወንበር ነው!

አሁን አሁን ደግሞ ስልክ ላይ የሚመክሩን ልጆች መጥተዋል። አላያችኋቸውም? ሞቅ ባለ ውኃ ሎሚ ጨምቀው፣ ፊታቸው እያበራ፣ ስኬታማ ሰው በአሥራ አንድ ሰዓት ይነሳል ይሉናል። ኧረ ባካችሁ! የዳቦ ቤቱ ሰውዬ ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት ነው የሚነሳው። የፉሪ ጎረቤቴ አትክልት ትነግዳለች፤ መቼ እንደምትተኛ ራሷም አታውቅም። እነሱን ማን ቪዲዮ ቀረጻቸው? ሎሚውን የሸጠችላቸው እሷ ናት እኮ!

ወደ ነገሬ ልመለስ። የምሠራው መካኒሳ አቦ አካባቢ ባለች አንዲት ትንሽ ማተሚያ ቤት ነው። የሠርግ ጥሪ፣ ቢዝነስ ካርድ፣ የሙት ዓመት መታሰቢያ እንሠራለን። አራት ነን። ባለቤቱ ጋሽ ደሳለኝ፣ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ታምራት፣ ደንበኛ የምትቀበለው ሙና፣ ከዚያ ኮምፒውተር ላይ ተጎልቼ የሙሽሮችን ስም የማሳምረው እኔ። ሥራ የሚገባው በሁለት ሰዓት ነው። እኔ ግን ለወንበር ብዬ ስለተነሳሁ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ደርሼ የተዘጋ በር ፊት ቁጭ እላለሁ።

አንድ ቀን ጋሽ ደሳለኝ አዩኝ። እንዲህ ሥራዋን የምትወድ ሰው በዕድሜያቸው ገጥማቸው እንደማታውቅ ነገሩኝ። ከዚያ ቁልፉን አውጥተው ሰጡኝ። እኔ ሞኟ ደግሞ አመሰገንኩ! ቁልፍ የያዘ ሰው እኮ ማርፈድ አይችልም። እያደር ለደንበኛው ሁሉ «በጠዋት ብቅ በሉ፣ የጠዋት ሰው አለችን» ይሉ ጀመር። በአንድ ሰዓት ካርዱን ሊወስድ የሚመጣ ሙሽራ እኔን ብሎ ነው የሚመጣው። አራት ዓመት ሙሉ!

ሙናስ? የሙና ቤት ከማተሚያ ቤቱ ፊት ለፊት፣ አስፋልቱን ተሻግሮ ነው። በመስኮቷ በራችን ይታያታል። የምትገባው ግን ሦስት ሰዓት ሊሆን ሲል ነው። ጋሽ ደሳለኝ ተቆጥተዋት ያውቃሉ? በጭራሽ። «እሷ ምን አለባት፣ ቅርብ ናት» ይላሉ። ይህ ምን ማለት እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም።

ዘንድሮ ቆረጥኩ። ፉሪን ለቅቄ፣ ከሥራ ቦታዬ በእግር ሰባት ደቂቃ የምትርቅ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። ቤቷ አምራኝ አይደለም። እንቅልፌን ላስመልስ ነው። የማተሚያ ቤቱን ቁልፍ ለጋሽ ደሳለኝ አስረከብኩ። ከእንግዲህ እስከ አንድ ተኩል ልተኛ! የተከራየሁ ዕለት ይህን እያሰብኩ ብቻዬን ስስቅ ነበር።

የመጀመሪያው ሰኞ፣ ልክ በአሥራ አንድ ሰዓት፣ ዓይኔ ቦግ አለ። ማን ቀሰቀሰኝ? ማንም። ስልኬ እንኳ ዝም ብሏል። ማክሰኞም ቦግ። ረቡዕም ቦግ። ንዴቴን ልነግራችሁ አልችልም! ፉሪን ለቀቅኩ እንጂ ሰልፉ አልለቀቀኝም። ግትር ነኝና አልነሳም ብዬ፣ ጥርሴን ነክሼ፣ ጣሪያውን እያየሁ እስከ አንድ ተኩል እጋደማለሁ። ይሄ እንቅልፍ ይባላል? ታክሲው ውስጥ ይሻለኝ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ሐሙስ ቀን፣ ተሳካልኝ። ዓይኔን ስገልጥ ፀሐይ በመጋረጃው ዘልቃ እግሬ ላይ ደርሳለች። ሰዓቱን ሳየው ሁለት ተኩል! እልል ልል ምንም አልቀረኝም። በሦስት ሰዓት ፊቴ አብጦ፣ ፈገግ እያልኩ ሥራ ገባሁ። ሦስቱም በር ላይ ቆመው ነበር። ምን ሆነሽ ነው አሉኝ። ተኝቼ ነው አልኳቸው። እርስ በርስ ተያዩ። ታምራት ግንባሬን ዳሰሰ። ጋሽ ደሳለኝ ፊቴን አይተው ታመሽ ነው አሉ። ጤነኛ ነኝ ብዬ ማልኩ። ማን ይስማኝ! ሁለት ቀን ተኝተሽ እረፊ ብለው መለሱኝ። ሁለት ቀን ሲሉ ነው መማሌን የተውኩት። ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ?

ዓርብ፣ ገና በአሥራ ሁለት ሰዓት፣ በሩ ተንኳኳ። ተኝቼ ነበር እኮ። የምር ተኝቼ! እየተደናበርኩ ብከፍት ጋሽ ደሳለኝ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ታምራት ሙዝ አንጠልጥሎ፣ ሙና ፔርሙስ አቅፋ ቆመዋል። ከሥራ በፊት ጠይቀንሽ እንለፍ ብለን ነው አሉኝ። ሙና! በሁለት ሰዓት አስፋልት መሻገር የሚያቅታት ሙና፣ በአሥራ አንድ ሰዓት ተነስታ አጥሚት ሠርታልኛለች! አልጋዬን ከበው ተቀመጡ። ጋሽ ደሳለኝ አጎታቸው እንዲሁ በእንቅልፍ ጀምሯቸው እንዴት እንደሞቱ ከነዝርዝሩ አወሩኝ። ታምራት ጴንጤ ነው፣ የሆሳዕና ልጅ፤ ጸሎት ከጀመረ ቶሎ አይጨርስም። ዓይኑን ጨፍኖ የእንቅልፍን መንፈስ ከላዬ ላይ ሲገስጽ ግማሽ ሰዓት ፈጀ። አራት ዓመት ስናፍቀው የኖርኩትን እንቅልፍ! ሲወጡ፣ አይዞሽ፣ ነገም በዚሁ ሰዓት እንመጣለን አሉኝ።

ቅዳሜ በአሥራ አንድ ሰዓት ተነስቼ ጠፋሁ። ወዴት? ሌላ የት አውቃለሁ፣ ወደ ማተሚያ ቤቱ ነዋ! እነሱ ለካ ቤቴ ሄደው ሲያጡኝ ሐኪም ቤት ገብታለች ብለው ደንግጠዋል። የማተሚያ ቤቱን መኪና ሊያስነሱ ሲሮጡ፣ በአንድ ሰዓት በሩ ላይ አገኙኝ።

ሙና ፔርሙሷን እንዳቀፈች ጮኸችብኝ።

«ለአንቺ ብዬ በሌሊት እየተነሳሁ፣ አንቺ እዚህ ትጎለቻለሽ? አላህን አትፈሪም?»

ጋሽ ደሳለኝ ግን ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«ተያት ሙና» አሉ። «ታማ እንኳ አላስቻላትም። ምን ታድርግ፣ ተፈጥሮዋ ነው።»

ልመልስላቸው አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን ማዛጋት ነው። ደግፈው አስገቡኝ። ማተሚያ ቤታችን ሥራ ከጀመረ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ሰዓት አራታችንም ተሟልተን ተገኘን። አጥሚቱን ጠጣሁ። ሞቀኝ። ኮምፒውተሬ ሥር ደፋ አልኩ። በሽተኛ ተኝታለች ብለው ማሽኑን እንኳ አላስነሱም። ካርዱን ሊወስድ የመጣውን ሙሽራ ሙና በሹክሹክታ ከበር መለሰችው። እስከ አምስት ሰዓት ለጥ ብዬ ተኛሁ።

በአራት ዓመት ውስጥ እንደ እሱ የጠገብኩት እንቅልፍ የለም። እስቲ አሁን ቤቱን ለምን ተከራየሁት?