ለስኳር በሽተኛ ምን ተይዞ ይኬዳል?

እኛ ሶዶዎች የታመመ ለመጠየቅ ባዶ እጃችንን አንሄድም። ጸሎቱ አለ፣ "ጌታ ይፈውስህ" አለ፤ ግን በፌስታል የሚንጠለጠል ነገርም መኖር አለበት። ድሮ ቀላል ነበር። ማር፣ ሙዝ፣ አቅም ያለው ለስላሳ በሳጥን። ይሄ ስኳር የሚሉት በሽታ መጣና መላ ቅጡን አጠፋብን። እስቲ እርስዎ ይንገሩኝ፣ ለስኳር በሽተኛ ማር ይዘው ይሄዳሉ?

ሰፈሬ አሰበ አሰበና መላ አገኘ። ቫይታሚን!

ጎረቤቴ ጋሽ ዳንሳ፣ ጡረታ የወጡት መምህር፣ ስኳራቸው ከፍ ብሎ ሆስፒታል ተኝተው ሲወጡ ጠያቂው ጎረፈ። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌው ዚንክ ይዘው መጡ። አማቻቸው ከቦምቤ ድረስ ማግኒዚየም ተሸክሞ መጣ። የዕድር ዳኛው፣ ማንም እንዳይበልጣቸው፣ ሁሉም ቫይታሚን ያለበትን ትልቁን ብልቃጥ አመጡ። እኔም አለሁበት፤ የሚታኘክ ቫይታሚን ሲ፣ ብርቱካን ብርቱካን የሚል። ስኳር እንዳለው ያነበብኩት ኋላ ነው።

ጋሽ ዳንሳ ይሉኝታ የሚያጠቃቸው ሰው ናቸው። ጠያቂ ተመልሶ "ጀመሩት ወይ?" ማለቱ ስለማይቀር የሁሉንም በየተራ ይውጣሉ። ሁለት ወር ሳይሞላ እግራቸው ይደነዝዝ ጀመር። አንድ ቀን ጓሯቸው ውስጥ ሚስማር ወጋቸው፤ ደሙን አዩት እንጂ ሕመሙ አልተሰማቸውም። ደነገጥኩ። በስኳር ምክንያት እግሩ የተቆረጠ ሰው አውቃለሁ።

ይዣቸው ሆስፒታል ሄድኩ። ሲስተሯ ቁስሉን አጥባ፣ ስኳሩን ለክታ፣ የመድኃኒት ፌስታላቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው።

"የእኛስ መድኃኒት የታለ?"

ጋሽ ዳንሳ አቀረቀሩ። "ልጄ፣ እሱን ትቼዋለሁ። ይሄ ሁሉ አንድ ላይ ለሆድ በዛ። የሰው ስጦታ ብተው ሰው ይቀየማል። ሆስፒታል ምን ይለኛል? መጥቶ አልጠየቀኝ።"

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። መድኃኒቱን የደበቀስ?

ሲስተሯ መሳቅም መቆጣትም አቃታት። "አባባ፣ ቫይታሚን ሲጎድል ይሰጣል። መጉደል አለመጉደሉን በደም ምርመራ እናያለን። ስኳሩን የሚያወርደው ግን የእኛው ነው። እግርዎን ይፈልጉታል አይደል?"

መምህሩ እንደ ተማሪ "እሺ" አሉ። አንጀቴን በሉት። አፈርኩም፤ ከጫንንባቸው ሸክም አንዱ የእኔ ብልቃጥ ነበርና።

ይሉኝታን በምክር የነቀለ ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም። ስለዚህ አዲሱን መድኃኒታቸውን ተቀብዬ እኔ ቤት አስቀመጥኩት። ቁርስና እራት ሲቀርብላቸው አንዲት ፍሬ ይዤ በራቸውን አንኳኳለሁ። "ጋሽዬ፣ ልጠይቅዎት መጣሁ" እላለሁ። የጠያቂ ስጦታ ነውና መርቀውኝ ይውጡታል።

ቁስሉ ደርቋል። ትናንት ጠዋት ዝናብ ይዞኝ ትንሽ ዘገየሁ። ስደርስ ጋሽ ዳንሳ ውሃቸውን በብርጭቆ ይዘው በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል፣ ፊታቸው ጠቁሯል።

"ዛሬ እኔን የሚጠይቅ ሰው ጠፋ?" አሉኝ።