ለአስራ አንድ አፍ የተገዛው ስኪመር

በሕንፃችን ለምትኖሩም ሆነ በደረጃው ለምታልፉ ሁሉ ይህ ይታወቅ፦ በሦስተኛው ፎቅ፣ ከአሳንሰሩ በስተግራ፣ የልክ ሁሉ ጠበቃ፣ የፓምፕ ሁሉ ሐኪም፣ ያልተጠየቀውን ሁሉ መላሽ የሆኑት ክቡር ጡረተኛ ፓምፕ ጠጋኝ ይኖራሉ። እኛ ጋሼ ልኬት እንላቸዋለን። ፊት ለፊታቸው አይደለም።

እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ሕንፃ የለም፤ ካለም ገና ሰው አልገባበትም። ጫማ ገዝታችሁ ስትገቡ ሳጥኑን ብቻ አይተው እንደሚጠባችሁ የሚነግሯችሁ እሳቸው ናቸው። እኔ መጋረጃ ሳመጣ በር ላይ አገኙኝና አራት ጣት ያጥራል አሉ። በሆዴ ሰድቤያቸው ሰቀልኩት። አራት ጣት አጠረ። ይህን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኳቸውም።

ዋናው ስብከታቸው ግን የጨው ውሃ ዓሣ ገንዳ ነው፤ በተለይ ስኪመር የሚባለው መሣሪያ። ገንዳው ውስጥ የሚቆም ቱቦ ነው። አየር ይነፋል፤ ውሃው ውስጥ የሟሟው እድፍ ከአረፋው ጋር ሽቅብ ይወጣና አናቱ ላይ ባለው ኩባያ ይጠራቀማል። የዋህ የሆነ ሰው ስኪመር ሲገዛ የገንዳውን ሊትር ይናገራል። ጋሼ ልኬት እጃቸውን ያወናጭፋሉ። “ሊትሩን ተወው። ስንት አፍ አለህ?”

መስታወት አያቆሽሽም፤ የሚያቆሽሸው የሚበላው ነው። ትንሹ ስኪመር ለብዙ አፍ አይበቃም፤ ትልቁ ደግሞ አፍ ካነሰው የሚይዘው እድፍ ያጣና አረፋው ግማሽ መንገድ ላይ ይከስማል። ይህን ሁሉ ደረጃ ላይ አስቁመው፣ የገበያ ዘንቢሌ እጄን እየቆረጠኝ አስተምረውኛል። ዓሣ የለኝም ብላቸው፣ ስትገዛ ትደርስበታለህ አሉኝ። የዓሣ ሱቁን ባለቤት ሳይቀር አሠልጥነውታል። ዛሬ ሰውየው የአፍ ቁጥር ሳይጠይቅ ዋጋ አይናገርም።

ባለፈው ሳምንት ጣሪያዬ ላይ የሚያጉረመርም ነገር ሰላም ስለነሳኝ ልጣላቸው ወጣሁ። በሩን ከፈቱልኝ፤ ገባሁ። ገንዳው ውስጥ የእሳት ማጥፊያ የሚያክል ስኪመር ይንጎራጎራል። አናቱ ላይ ያለው ኩባያ ደረቅ ነው። ውሃው ወይቧል። ከድንጋዩ ኋላ አንዲት ቢጫ ዓሣ ብቻዋን ተለጥፋ አፏን ቶሎ ቶሎ ትከፍታለች።

አልዋሽም፣ ደስ አለኝ። መጋረጃዬን የምበቀልበት ቀን ደረሰ።

“ጋሼ፣ ይሄ ስንት አፍ ይችላል?”

“አስራ አንድ።”

“ያለዎት ግን አንድ ነው።”

“አውቃለሁ” አሉና ወንበር ሳቡልኝ።

ዓሦቹ የባለቤታቸው ነበሩ። ልብስ ሰፊ ነበሩ እትዬ፤ ከስፌት መኪናቸው ቀና ሲሉ የሚያዩት ይሄንን ገንዳ ነበር። ሲታመሙ ጋሼ ከአልጋቸው ሥር አልጠፋ ስላሉ ዓሦቹ አንድ በአንድ አለቁ፤ ይህቺ ብቻ ቀረች። አንድ ቀን እትዬ ሻል አላቸው። ሾርባ ጠጡ። ስነሳ አሥር እንጨምርበታለን አሉ። ጋሼ በዚያው ቀን ሮጠው ለአስራ አንድ አፍ የሚሆነውን ገዙ። በልኩ ነበር የገዙት። እትዬ በሁለተኛው ሳምንት ዐረፉ።

ታዲያ አነስ ያለውን ገዝተው ይህቺን ዓሣ ለምን አያተርፏትም አልኳቸው። ምላሴ እንደ ልማዱ ስለታም ነበር፤ መቼ እንደሚሰበሰብ አያውቅም።

“ባለሱቁ ስንት አፍ አለዎት ይለኛል” አሉ። “ጠይቅ ብዬ ያስተማርኩት እኔ ነኝ።” ወደ ውሃው ዞሩ። “አንድ ብዬ ልመልስለት?”

እኔ፣ ለጎረቤት ሁሉ መልስ የማላጣው፣ ባልዲው የት አለ አልኳቸው።

ያዘጋጁት የጨው ውሃ ስለነበር በባልዲ ቀየርንላት። አፈሳሰስህ ልክ አይደለም ብለው ገሠጹኝ፤ ልክም አልነበረም። ቢጫዋ ዓሣ ወጣ ብላ ፍርፋሪ ቀመሰች። ሁለት ቀን ቆይታ ግን ተመልሳ ድንጋዩ ኋላ ገባች። የባልዲው ነገር ለጋሼ ወገብ አይሆንም፤ ያቺም ከሄደች እዚያ ቤት የሚጠብቃቸው ነገር የለም።

እኔ ስኪመር ይዤ ብሄድ ይነቁብኛል፤ ዓሣ እንደሌለኝ ያውቃሉ። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ለአንድ አፍ የምትበቃ ስኪመር ከቤትህ ወይም ከቤትሽ ካለች፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ከአሳንሰሩ በስተግራ ይንኳኳ። አረፋ አልሰጥ አለችኝ፣ እርስዎ ጋ ትሞከርልኝ በሏቸው። አያያዛችሁን ይነቅፋሉ፤ ቻሉት። መቼ ተመልሳችሁ እንደምትወስዷት ሲጠይቋችሁ ግን፣ እባካችሁ፣ ቀን አትቁረጡላቸው።