ክብርት እትዬ አብሬሽና ኦንላይኑ የንግድ ፈቃድ

መሥሪያ ቤት ብቻውን የሚሄድ ሰው ያለ ይመስላችኋል? የለም። በየሰፈሩ አንዲት አጃቢ አለች። ጫማችሁን አጥልቃችሁ ገና ከበር ሳትወጡ "ወዴት ነው?" ትላለች። "ለአንድ ጉዳይ ማዘጋጃ ቤት" ብላችሁ ሳትጨርሱ ቦርሳዋ ትከሻዋ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ጉዳዩ የእናንተ መሆኑ ይቀራል። እናንተ ከኋላ ከኋላ ትከተላላችሁ፣ እሷ ትናገራለች፣ ፈቃዱ ሲወጣ እሷ ትመረቃለች።

የዚህች ከተማ አጃቢ ክብርት እትዬ አብሬሽ ናቸው። እናታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው። "አብሬሽ ልሂድ፣ ብቻሽን አያዋጣም" ማለት ስላበዙ ግን ያ ስም ተረስቶ ይኸኛው ቀርቷል። ገበያው በሙሉ ይወዳቸዋል። የማይወዳቸው አንድ ሰው ብቻ ነበር፦ የማዘጋጃ ቤቱ የንግድ ፈቃድ ሹም።

በሹሙ አትፍረዱበት። ጠዋት መስኮቱን ሲከፍት እትዬ አብሬሽ ከፀጉር አስተካካዩ ጋር ናቸው። ከሰዓት ከጫማ ሰፊው ጋር ናቸው። በማግስቱ ከአንጥረኛው ጋር። ሹሙ "ስም?" ሲል የሚመልሱት እሳቸው፣ "አድራሻ?" ሲል የሚመልሱት እሳቸው፣ "ፊርማ" ሲል ብዕሩን የሚቀበሉት እሳቸው። ብስክሌት ጠጋኙ፣ ያ ጺማም ግዙፍ ሰውዬ፣ አጠገባቸው እንደ ዕቃ ተቀምጦ ይጠብቃል።

አንድ ቀን ሹሙ አንጀቱ አረረ።

"እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ባለጉዳዩ ራሱ ይናገር።"

"ይናገር! ማን ከለከለው?" አሉና ወደ ዳቦ ጋጋሪው ዞሩ። "አንተ፣ ተናገር እንጂ! አፍ የለህም?"

ዳቦ ጋጋሪው አፉን ከፈተ።

"አየህ፣ ጉሮሮውን አሞታል" አሉ እትዬ አብሬሽ። "ጠይቀኝ፣ እኔ እነግርሃለሁ።"

ነገሩ ሹሙን ቤቱ ድረስ ተከተለው። በእንቅልፍ ልቡ "እትዬ፣ ተራ ይጠብቁ" እያለ ሲቃዥ ሚስቱ ሰምታው ኖሮ፣ ጠዋት ቁርስ ላይ "ይቺ እትዬ የምትላት ማናት?" ብላ አፋጠጠችው። ማስረዳቱ ራሱ ሌላ ጣጣ ሆነ።

እንግዲህ ምክር ቤቱ "ከእንግዲህ የንግድ ፈቃድ ማመልከቻ በሙሉ ኦንላይን ነው" ብሎ ሲወስን የሹሙ ደስታ ይታያችሁ። ባልደረቦቹ "ሥራችንን ኮምፒውተር ሊወስደው ነው" እያሉ ሲተክዙ እሱ ብቻውን ያፏጭ ነበር። ስልክ ያለው ከሱቁ ሆኖ ያመለክታል፣ የሌለው ማዘጋጃ ቤቱ በር አጠገብ በተተከለው ኮምፒውተር ያመለክታል። ኮምፒውተር ደግሞ አጃቢ አያውቅም፤ የሚያናግረው ከፊቱ የተቀመጠውን ብቻ ነው። ሹሙ ከማሽኑ በላይ "አንድ ሰው ብቻ" የሚል ወረቀት በገዛ እጁ ለጠፈ።

ክብርት እትዬ አብሬሽ ወረቀቱን አነበቡት። "ልክ ነው" አሉ። "ሁለት ሰው ምን ይሠራል?" አሉና ፀጉር አስተካካዩን አስነሥተው ራሳቸው ተቀመጡ።

የመጀመሪያው ሳምንት ጉድ የታየበት ሆነ። ማሽኑ የአመልካቹን ፎቶ ያነሣል፤ "በምስሉ ላይ ከአንድ ሰው በላይ ታይቷል" እያለ ይመልሳል። የጫማ ሰፊው ፎቶ ላይ የእትዬ አብሬሽ ግማሽ ጉንጭ አለ። የአንጥረኛው ላይ ከትከሻው ኋላ መነጽራቸው ብቅ ብሏል። ዳቦ ጋጋሪው ደግሞ ጭራሽ ከምስሉ ወጥቶ እሳቸው መሐል ላይ ፈገግ ብለው ተቀምጠዋል። ማሽኑ ይኼኛውን አንድ ሰው ነው ብሎ ተቀበለው። የዳቦ ቤቱ ፈቃድ በእሳቸው ፎቶ ሊወጣ ለጥቂት ተረፈ።

ከፎቶው የባሰው ስልኩ ነበር። ማሽኑ ማመልከቻውን ከመቀበሉ በፊት የሚስጥር ቁጥር በስልክ ይልካል። ነጋዴው ሁሉ ይህን ሲሰማ ተደናገጠ። እትዬ አብሬሽ ግን ዘለው ጥልቅ አሉ፦ "ምን ያስደነግጣል? የእኔን ስልክ ስጡ። ቁጥሩ ሲመጣ እነግራችኋለሁ።" ከዚያ ቀን ጀምሮ ቦርሳቸው ሲጮህ ይውላል። እሳቸውም ከመንገዱ ማዶ ሆነው፣ "ጫማ ሰፊው! ቁጥርህ መጥቷል! ጻፍ!" እያሉ ሚስጥሩን በአደባባይ ይለፍፋሉ። መንገደኛው ሁሉ ይሰማል፤ ሹሙም በመስኮቱ ይሰማና ጭንቅላቱን ይይዛል።

የፈቃድ ማሳደሻው ቀነ ገደብ ሊያልቅ ሲል ከዋናው መሥሪያ ቤት ተደወለ። የኦንላይኑ አገልግሎት ኃላፊ የሆነችው ሴት ድምፅዋ እንደ በረዶ ነው።

"የከተማችሁ ግማሽ ነጋዴ በአንድ ስልክ ቁጥር ነው ያመለከተው። ሥርዓቱ ማመልከቻዎቹን ሁሉ ቆልፏቸዋል። ይቺ ሴትዮ ማናት? ደላላ ናት?"

ሹሙ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ቀን መቁጠሪያ አየ። የተቆለፈው ካልተከፈተ ሰኞ ሱቆቹ ይታሸጋሉ።

"ነገ ይዘሃት ቅረብ" አለች ኃላፊዋ። "ደላላ ከሆነች ደላላ ናት በል። እኛ እርምጃ እንወስዳለን፣ ነጋዴዎቹም እንደ አዲስ ያመለክታሉ። አንተም ነፃ ትሆናለህ።"

ነፃ። ሹሙ ስልኩን ዘግቶ ይህችን ቃል ሲያመነዥካት ዋለ። አንድ ቃል ቢናገር እኮ አለቀ! ከእንግዲህ በመስኮቱ ፊት ያ ቦርሳ አይታይም። እውነቱን ለመናገር ሐሳቡ ጣፈጠው። ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ ሲያወራት ግን "ታዲያ ደላላ ናቸው?" አለችው። ሴትዮዋ አድርቀውታል፣ አቃጥለውታል፤ ከሰው አንዲት ነገር ሲቀበሉ ግን አይቷቸው አያውቅም።

በማግስቱ ጠዋት አብረው አውቶቡስ ተሳፈሩ። እትዬ አብሬሽ መንገዱን ሙሉ ለሹፌሩ አቅጣጫ ሲያሳዩ፣ አጠገባቸው የተቀመጠችውን እናት ሕፃን ሲያባብሉ፣ "አይዞህ ሹሜ፣ እኔ እነግርልሃለሁ" ሲሉት ቆዩ። የዋናው መሥሪያ ቤት መስታወታም ሕንፃ ሲታይ ዝም አሉ። ኮሪደሩ ላይ የሹሙን የኮት እጅጌ ጨበጡ፤ አልለቀቁም።

ኃላፊዋ ከረጅም ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጣለች።

"እትዬ፣ ይንገሩኝ። ይኼ ሁሉ ሰው በእርስዎ ስልክ ያመለከተው ለምንድነው?"

እትዬ አብሬሽ አፋቸውን ከፈቱ። ምንም አልወጣም። እንደገና ሞከሩ። ምንም የለም።

ሹሙ ይህችን ዝምታ ስንት ዓመት ሙሉ ሲመኛት ኖሯል! አሁን አጠገቡ ስትመጣ አልወደዳትም። ዞር ብሎ አያቸው። የሚያውቃቸው ሴትዮ አልነበሩም፤ ግንባራቸው በላብ ርሶ፣ ዓይናቸው ምንጣፉ ላይ ተተክሎ፣ ትንሽ ሆነው ወንበሩ ውስጥ ጠፍተዋል።

"እኔ ልመልስልዎት" አለ ሹሙ።

"እኔ የጠየቅሁት እሳቸውን ነው።"

"አውቃለሁ። እሳቸው ዛሬ አይናገሩም። እኔ አለሁ።" ራሱም ገረመው፤ አለቃ ፊት ድምፁን ከፍ አድርጎ ተናግሮ አያውቅም። "ደላላ አይደሉም። የእኛ ሰዎች ማሽኑን አይደለም የሚፈሩት፤ ተሳስተው መመለስን ነው። ስንቴ መልሰናቸዋል! እኔ ራሴ መልሻቸዋለሁ። እሳቸው አጠገባቸው ሲቀመጡ አይፈሩም። ስልካቸውን የሰጡት ለዚህ ነው። ጥፋት ነው፣ አዎ። ማስቆም የነበረብኝ እኔ ነኝ፤ ካስፈለገ እኔን ይቅጡኝ። ካላመኑኝ ከአመልካቾቹ አንዱ ጋ ይደውሉ።"

ኃላፊዋ ሹሙ በሰጣት ቁጥር ብስክሌት ጠጋኙ ጋ ደወለች። ድምፁን ለሁሉም እንዲሰማ አደረገችው።

"እኚህ ሴትዮ ላደረጉልህ ምን ተቀበሉህ?"

"እትዬ አብሬሽ? ምን ይቀበሉኛል?" አለ ጠጋኙ። ሹሙ ሰውዬው ሲናገር ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማው ያን ቀን ነው። "ምሳ ልጋብዝዎት ብል 'አንተ ከስተሃል' ብለው እሳቸው ጋበዙኝ። ምነው፣ አመማቸው እንዴ? ልምጣ?"

ኃላፊዋ ፈገግታዋን ለመደበቅ ወደ ኮምፒውተሯ ዞረች። ማመልከቻዎቹ እዚያው ተከፈቱ፤ እያንዳንዱ ነጋዴ እስከ ቀነ ገደቡ የራሱን ስልክ ቁጥር እንዲያስገባ፣ ከእንግዲህ ረዳት የሚፈልግ አመልካች የረዳቱን ስም የሚሞላበት ቦታ እንዲጨመር አዘዘች። ሹሙን ደግሞ በቃል ገሠጸችው። ሹሙ ግሣጼውን እንደ ምርቃት ተቀበለ።

ሲወጡ እትዬ አብሬሽ የሕንፃው ደረጃ ላይ ቁጭ አሉ።

"ሹሜ፣ ብቻዬን መሥሪያ ቤት ገብቼ አላውቅም" አሉ። "ልጅ ሆኜ አንዴ ብቻ ገብቼ ነበር። ጸሐፊው ሰው ፊት ጮኸብኝ። ወረቀቴን እዚያው ጥዬ ሮጥኩ። ከዚያ ወዲህ ሰው ብቻውን ሲሄድ ሳይ ቦርሳዬን አንሥቼ እከተለዋለሁ።"

"ከሰው ጋር ሲመጡስ?"

"ከሰው ጋር ስመጣማ ጉዳዩ የእኔ አይደለም። የእኔ ካልሆነ አልፈራም። የራሴ ሲሆን ነው።" ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ቤቴ ልብስ እሰፋለሁ። የሰው ሱሪ አሳጥራለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ። ፈቃድ የለኝም። ከተማውን ሁሉ ፈቃድ አስወጥቼ እኔ የለኝም። ለእኔ ማን አብሮኝ ይሂድ?"

ሹሙ መጀመሪያ ሳቁ መጣበት፤ ከዚያ እሱም ከጎናቸው ደረጃው ላይ ቁጭ አለ።

ሰኞ ጠዋት ሱቆቹ ክፍት ነበሩ። ሹሙ የራሱን ወንበር ከመስኮቱ ኋላ ጎትቶ አወጣና ማሽኑ ፊት፣ ከእትዬ አብሬሽ ጎን ተቀመጠ። ስማቸውን ራሳቸው ጻፉ፤ በጣም ቀስ ብለው። "የሥራው ዓይነት" የሚለው ጋ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። ሹሙ ምላሱ ላይ የመጣውን ዋጠው። እንዲህ ዝም ማለት እንዴት እንደሚከብድ ያን ዕለት ገባው። እሳቸው "ልብስ ስፌት" የሚለውን መረጡ። "ላክ" የሚለው ላይ ጣታቸውን አንሥተው ቆዩ፣ ቆዩ። ሹሙ ወደ መንገዱ ዞሮ የሚያልፈውን ብስክሌት ሁሉ በጽሞና ማየት ያዘ።

ተጫኑት።

"ይኸው ነው?" አሉ። "ለዚህ ነው እንዴ ዕድሜ ልኬን የተንቀጠቀጥኩት?"

ዓይናቸውን ጠርገው፣ አፍንጫቸውን ተናፍጠው፣ ቦርሳቸውን አንሥተው ሊወጡ ሲሉ በሩ ላይ አንድ የማያውቁት ወጣት አዩ። ስልኩን እያገላበጠ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ይመለሳል።

"አንተ ደግሞ" አሉት እትዬ አብሬሽ፣ "ምን ልትነግድ ነው?"

ልጁ አፉን ከፈተ።

"ቆይ፣ ቆይ፣ መጀመሪያ ተቀመጥ" አሉና ወደ ሹሙ ዞረው፣ "ሹሜ፣ ትንሽ ጠጋ በልልን" አሉት።

ሹሙም ጠጋ አለላቸው።