ሊቀ ዝገት ይሄይስና የሽንዲው ቀይ ውኃ

ለየቤተሰቡ አንድ ተመራማሪ ይመደብለታል። ማንም አልጠየቀም፤ ዝም ብሎ ይመደባል። ለአንዱ ቤት ስለ ንብ የሚያወራ አጎት ይደርሰዋል፣ ለሌላው ስለ ፖለቲካ የሚተነትን አማች። የቡሬዋ ሀብትነሽ ዕጣ ግን ታናሽ ወንድሟ ዶክተር ይሄይስ ሆነ። እሱ ደግሞ ዕድሜውን የሰጠው ለዝገት ነው።

«ዝገት አትበሉት!» ይላል፣ ዘመዱ የተሰደበበት ይመስል ፊቱ እየቀላ። «አይረን ኦክሳይድ ነው! ብረትና ኦክስጅን ተጋብተው የወለዱት!»

የቡሬ ሰው «ሊቀ ዝገት» የሚል ማዕረግ ሰጠው። የሰጡት ሊያሾፉበት ነበር፤ እሱ ግን ጎንበስ ብሎ በክብር ተቀበለ። ከዚህ በኋላ ምን ይደረጋል?

ሀብትነሽ የቤቷን ቆርቆሮ ልታስቀባ ሠራተኛ ስታመጣ፣ ሊቁ ከሠራተኛው ቀድሞ መሰላሉ ላይ ተገኘ። ዝገቱን በቢላ እየፋቀ በብልቃጥ አጠራቀመ። «ይህ ወደ ቢጫ የሚያደላው ጎታይት ነው፤ ያ ቀዩ ሄማታይት። ሁለቱን አንድ አድርጎ መቀባት ግፍ ነው!» ሠራተኛው ቢጫውንም አየ፣ ቀዩንም አየ፣ ብሩሹን ይዞ ሄደ። ቤቱ እስከ ዛሬ እንደዛገ ነው። ይቅርታ፣ ኦክሳይድ እንደለበሰ ነው።

በክር ያሰራት ማግኔት ከኪሱ አትጠፋም። አንድ ቀን እንግዶች ተቀምጠው ሳለ የእህቱን በርበሬ በማግኔቱ አማሰለና ጫፏ ላይ የተጣበቀውን ጥቁር ዱቄት አሳያቸው። «ከወፍጮው የተፋቀ ነው፤ አይገድልም» ብሎ አጽናናቸው። ያን ቀን ወጡ ሁሉ ተረፈ።

የጎረቤት ቀብር ላይ ደግሞ ሌላው አፈር ሲያለብስ እሱ እፍኝ ዘግኖ ወደ ፀሐይ ከፍ አደረገ። «አያችሁ ይህን ቅላት? ማዳበሪያውን አንቆ ከሰብላችን የሚነጥቀው ይኸው ብረት ነው።» አልቃሾቹ ለአፍታ ማልቀስ አቆሙ። ሀብትነሽ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ሳብ አድርጋ፣ ይህን ሰው የማታውቀው ይመስል ከሰዉ ኋላ ተሸሸገች።

ይህም ሁሉ ሆኖ ትችለው ነበር። ጭንቁ የመጣው በልጇ በሰብሊ ነው።

ሰብሊ፣ አሸናፊ የሚባል የጎረቤቷ ከተማ የሽንዲ ልጅ ወደደች። ልጁ ጨዋ፣ ሠርቶ አዳሪ ነው። ነውሩ የአባቱ ግቢ ጉድጓድ ነበር። አዲስ አስቆፍረውት ውኃው ሲቀዳ ጥርት ያለ ሆነ፤ ትንሽ ሲቀመጥ ግን ደም መሰለ። አገሩ አፉን ከፈተ፤ «ከዚያ ቤት ሥር የተቀበረ ደም አለ» ተባለ። ወሬው ቡሬ ገባ። ሀብትነሽ ሽማግሌ እንዲመጣ የፈቀደችው በጨዋ ደንብ እምቢ ለማለት ነው። ሰብሊ ይህን ስታውቅ እህል አልቀምስም ብላ ጓዳ ገባች።

«ይሄይስ፣ ወንድምዓለም» አለችው ሀብትነሽ፣ ሽማግሌዎቹ ሊገቡ ሲሉ። «ስለ ዝገት አንዲት ቃል ከአፍህ ብትወጣ ወንድም የለኝም።»

«እሺ እትዬ።»

ሽማግሌዎቹ ቆመው ለመኑ። መሪያቸው አቶ ገነነ «ልጅዎን ለልጃችን» አሉ። ሀብትነሽ ወለሉን እያየች መለሰች። «ደጃችሁን መርገጥ ክብር ነበር። ግን ደጃችሁ ይቀላል ሲሉ ሰማን።»

አቶ ገነነ አንገታቸውን ደፉ። «አልዋሽም፣ እመቤቴ። ጎረቤት ከዚያ ቤት ውኃ መጠጣት ትቷል። የልጁ እናት እንኳ በጉድጓዱ በኩል አታልፍም።»

ከጓዳ የሰብሊ ሲቃ ተሰማ። ሊቁ አፉን ከፈተ። ሀብትነሽ በዓይኗ ወጋችው። ከንፈሩን ነከሰ፣ ጣራውን አየ፣ በመጨረሻ ፈነዳ።

«አባቴ፣ ውኃው ሲቀመስ ሚስማር ሚስማር ይላል?»

«ይላል።»

«ባልዲው ሥር እንደ ቀይ ጭቃ ይዘቅጣል?»

«በምን አወቁ?»

ይሄይስ ተነሣ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «ደም አይደለም! ከድንጋዩ ሟሙቶ የወጣ ብረት ነው! አየር ሲያገኝ ነው የሚቀላው!» ከዚያ ወዲያ ማን ያስቁመው? ሽማግሌዎቹ ቆመው የጀመሩትን ልመና ተቀምጠው እንደ ተማሪ ጨረሱት።

ሀብትነሽ እሺም እምቢም ሳትል፣ «እስኪ ሄዶ ይየው» አለች።

ሄደ። ውኃውን ወስዶ አስመረመረ፤ ከብረቱ በቀር የሚያሰጋ ነገር አልተገኘበትም። ከዚያ ውኃውን ከፍ አድርጎ ከባልዲ ባልዲ እያንቆረቆረ አየር አስገባበት፣ ቅላቱን አዘቀጠ፣ በርሜል ሙሉ አሸዋ ውስጥ አሳለፈው። መንደሩ ወጥቶ ከበበው። ከበርሜሉ ሥር የወጣው ውኃ ብርጭቆ ውስጥ ጥርት ብሎ ታየ፤ ቢጠብቁትም አልቀላም። ሊቁ ስለ ኦክስጅን አብራራ። ማንም አልሰማውም። ሁሉም ብርጭቆውን ፈርቶ ያያል።

ይሄይስ ራሱ ሊጠጣ ሲያነሣው፣ ከሰዉ መሀል አንዲት ሴት ወጥታ ከእጁ ነጠቀችው። ከቡሬ ድረስ ተከትላው የመጣችው ሀብትነሽ ነበረች። አማተበችና እስከ ጭላጩ ጠጣችው።

«እንዴት ነው?» አሏት አቶ ገነነ በቀስታ።

«ውኃ ነው» አለች። ብርጭቆውን ዘቅዝቃ ለሕዝቡ አሳየች። «ወንድሜ ዋዘኛ አይደለም።»

የአሸናፊ እናት ቀጥላ ጠጣች። እያለቀሰች ነበር።

ሰርጉ በጥር ሆነ። የሙሽራዋ አጎት አንድ ቃል ይናገር ተብሎ ማይክ ተሰጠው፤ የጀመረው ዓለም ከመፈጠሩ፣ ብረት ምድር ሆድ ውስጥ ከመግባቱ ነው። እንግዳው አዛጋ፣ ሙሽሮቹ በእግራቸው ተነካኩ። ሙዚቃ የሚያጫውተው ልጅ ጨነቀውና ዘፈኑን ለቀቀ። የሊቁ ድምፅ በሙዚቃው ተዋጠ፤ ማይኩን እንደያዘ ቀረ።

ሀብትነሽ በሐበሻ ቀሚሷ ድንኳኑን አቋርጣ ሄደችና የስፒከሩን ሶኬት ነቀለች። ዘፈኑ ተቋረጠ።

«አልጨረሰም» አለች፣ ሶኬቱን በእጇ እንደያዘች። «ቀጥል፣ ወንድምዓለም።»