የሰይድ ሲኒማና የኔ ሶፋ

ሰው በሩቁ ለምን እንደማይቀና ሁልጊዜ ይገርመኛል። የግል አውሮፕላን አለው ስለሚባል ባለጸጋ ስንሰማ «ይመችህ» ብለን ወደ ምሳችን እንመለሳለን። ቤተ መንግሥት የሚያህል ቪላ በቴሌቪዥን ብናይ አፋችንን ከፍተን እናደንቃለን እንጂ እንቅልፍ አናጣም። ጎረቤት ቆርቆሮውን ቀለም የቀባ ዕለት ግን ጉድ ይፈላል። ቀለሙ አላማረም እንላለን፤ ክረምት ሲመጣ ይለቃል እንላለን፤ ለመሆኑ ከየት አመጣው እንላለን። እርስዎ ብለው አያውቁም? ደግ። እንግዲያው እርስዎ ስለ ሌላ ሰው እያነበቡ፣ እኔ ስለ ራሴ እያወራሁ አብረን እንቆይ።

እኔ መካነ ሰላም ገበያው ዳር ልብስ የምሰፋ ሰው ነኝ። ታናሽ እህቴ ከኩዌት ያመጣችልኝ ቴሌቪዥን አለኝ። ትልቅ ነው። በሰፈሩ ከሱ የሚበልጥ አልነበረም፤ አሁንም የለም፤ ይህን መጀመሪያውኑ መናገር የፈለግሁት በኋላ የማወራው ነገር እንዳያሳስትዎት ነው። ምሽት ምሽት ጎረቤቱ ሁሉ እኔ ሳሎን ነበር። ኳስ ያለ ዕለትማ ደጃፌ በጫማ ይሞላና ቤቱ ለቅሶ ቤት ይመስል ነበር። ሽማግሌ ሶፋ ላይ፣ ሴቶች በርጩማ ላይ፣ ልጆች መሬት፣ እኔ መሃል። ሶፋው ከፋብሪካ የመጣበትን ፕላስቲክ አላወለቅሁለትም፤ ሰው ሲቀመጥበት ይንኮሻኮሻል እንጂ አይቆሽሽም። ሪሞቱንም በፌስታል ጠቅልዬ በላስቲክ አስሬዋለሁ፤ ከእጄ ወጥቶ አያውቅም። ፊልሙ የማይገባቸው ካሉ አስረዳቸዋለሁ። የሚሞተው ሰውዬ ማን እንደሆነ እንዳይጨነቁ አስቀድሜ እነግራቸዋለሁ። የዜና ሰዓት ሲደርስ ደግሞ ፊልሙ የትም ይድረስ፣ ወደ ዜናው እቀይራለሁ፤ ሰው አገሩን ማወቅ አለበት። ማንም ቅር ብሎት አያውቅም። ቢያንስ የነገረኝ የለም።

አጥር የምንጋራው ጎረቤቴ ሰይድ ይባላል። ጅዳ አንድ ሀብታም ቤት ተቀጥሮ ሲሠራ ኖሮ የተመለሰ ነው፤ አሁን እዚሁ ከተማ ሞባይል ይጠግናል። ጭምት ነው፣ ሲያልፍ ሲያገድም ሰላምታ የማያጓድል ሰው ነው፤ እንዲህ ዓይነቱን ሰው መጥላት ደግሞ ትልቅ ጉልበት ይጠይቃል።

አንድ ቀን ሱቄ መጣ፤ ሰፊ ነጭ አቡጀዲ ታቅፏል።

«ጋሼ፣ ዳር ዳሩን ይቀምቅሙልኝ። ግን ወላሂ አንድም ቦታ እንዳይሸበሸብብኝ።»

«ልታገባ ነው እንዴ? ይሄ መቼም የአልጋ ልብስ ነው» አልኩት።

ሳቀ። «አብሽሩ ጋሼ፣ ሲያልቅ ያዩታል።»

መርቄው ሰፋሁለት። እንደጠየቀኝ በየማዕዘኑና በየዳሩ ማሰሪያ አበጀሁለት፤ ለሙሽራ ነው ብዬ ከልቤ ተጠበብኩበት። እንዲህ ዓይነት ቅምቅማት ከእጄ ከወጣ ቆይቷል። ሙሽራዋን በልቤ መርጬ ጨረስኩ እንጂ ይህ ሁሉ ልፋቴ ለምን እንደሚውል አልጠረጠርኩም።

ጥቂት ቆይቶ ከጓዳችን አንገቱ የተሸረፈው እንስራ ጠፋ። ባለቤቴን ሙሉነሽን ብጠይቃት «ለሰይድ ሰጠሁት፤ ለምን እንደፈለገው እንጃ» አለች። እሺ፤ የተሸረፈ እንስራ ነው። በሳምንቱ ግን የአልጋችን ጥቁር ባና ጠፋ። የበግ ጠጉር ነው፤ አቀስታ ገበያ ድረስ ሄጄ፣ በዚያ ብርድ ጥርሴ እየተንገጫገጨ መርጬ የገዛሁት ነው።

«እሱንም ለሰይድ አዋስኩት» አለችኝ።

«ታሟል እንዴ?»

«የለም፣ ለግድግዳው ነው።»

«ግድግዳ ይበርደዋል እንዴ?»

ወጧን ልታማስል ገባች። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ አጥሩ ሥር የምሠራው ሥራ በዛብኝ። አንዴ ጎመን አርማለሁ፣ አንዴ የማልፈልገውን ማገዶ እቆልላለሁ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ በአጥሩ ቀዳዳና በተከፈተ በር ያየሁትን ልንገርዎት። ሰይድ ከቤቱ ጀርባ እህል ያስቀምጥባት የነበረችውን ጠባብ ክፍል ባዶ አድርጓታል። መስኮቷን በጭቃ ደፍኗል። መሬቱ ላይ ጭቃና ጭድ አቡክቶ፣ የኋላው ከፊተኛው ከፍ እያለ የሚሄድ መደብ ሠርቷል፤ የኋላው ሰው በፊተኛው አናት ላይ አሻግሮ ያያል ማለት ነው። ጣራውን በጥቁር ቀለም የተነከረ የማዳበሪያ ከረጢት ለብጦታል። ግድግዳው ላይ ድምፅ እንዳያስተጋባ ከየቤቱ የለመነውን ባና ሰቅሏል፤ የኔው መሃል ላይ ነበር። ከተበላሸ ሚኒባስ የተነቀለ ስፒከር በእንስራዬ አፍ ላይ ገጥሞ ጥግ አስቀምጦታል። አቡጀዲዬ፣ ማለቴ አቡጀዲው፣ በባሕር ዛፍ እንጨት ላይ ከነእርጥበቱ ተወጥሮ ሲደርቅ እንደ ከበሮ ቆዳ ወጠር ብሏል። በመጨረሻም ጡብ የምታህል ፕሮጀክተር ከደሴ በሚኒባስ፣ በዚያ ሆድ በሚያገላብጥ መንገድ፣ እንደ አራስ ልጅ ጉልበቱ ላይ አቅፎ አመጣ።

ሲኒማ ቤት። በእህል ጎተራ። በኔ ስፌት፣ በኔ እንስራ፣ በኔ ባና።

«አይሠራም» አልኩ። ለሙሉነሽም ነገርኳት፣ ለደንበኞቼም ነገርኳቸው። መደቡ ይፈርሳል፣ ባናውን አይጥ ይበላዋል፣ ፕሮጀክተር የሚባል ነገር ደግሞ ለደጋ አየር አይስማማም። የመጨረሻውን ከየት እንዳመጣሁት ለራሴም አልገባኝም፤ ነገር ግን ሰው ሁሉ ራሱን ነቅንቆ ተቀበለኝ።

ሠራ።

በተከፈተበት ምሽት ሳሎኔን ጠርጌ ተቀመጥኩ። ማንም አልመጣም። በማግስቱም እንደዚያው። አልተጠራሁም እንዳልል ሰይድ በአጥር ላይ ብቅ ብሎ «ጋሼ፣ ይምጡ እንጂ» ብሎኛል። ግን በአጥር ላይ የሚጣል ጥሪ ምን ጥሪ ነው? በኛ አገር የሚከበር ሰው የሚጠራው ሰው ተልኮበት ነው። የተጠራውም ወግ ነውና «ዛሬስ አይመቸኝም» ይላል። ጠሪው ይለምናል፣ ክንዱን ይይዛል፣ ሲጎትተው ነው የሚነሳው። እኔም «ዛሬስ አይመቸኝም» ብዬ እስኪጎትተኝ ጠበቅሁ። እሱ ዐረብ አገር ከርሞ ቃል እንዳለ መቀበል ተምሯል መሰለኝ፣ «እሺ ጋሼ፣ ሲመችዎት» ብሎ ሄደ። ሳይመቸኝ ስንት ምሽት አለፈ መሰለዎት።

ብቻዬን ትልቁ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጬ ከማዶ የሚመጣውን እሰማለሁ። ሰው በአንድ ላይ ይስቃል፤ ከዚያ በአንድ ላይ ዝም ይላል፤ ከዚያ «ድም… ድም…» የሚል ድምፅ መሬቱን ይዞ ሶፋዬ ድረስ ይመጣል። እንስራዬ ነው። እኔ ቤት እያለ ትንፍሽ ብሎ አያውቅም።

ይባስ ብሎ ሙሉነሽም መሄድ ጀመረች። ስትመለስ ዓይኗ ያበራል።

«አንተ ሰውዬ፣ አንድ ቀን እንኳ ብታየው! እዚያ ተቀምጦ ማየት እንዴት ደስ እንደሚል! ማንም አያወራም።»

ምን ለማለት እንደፈለገች አልጠየቅኋትም። ቀናሁ። ሌላ ስም ልሰጠው ብፈልግ እችላለሁ፤ ናፍቆት፣ ብቸኝነት፣ የመሳሰለው። ግን ሆዴን የሚያቃጥለኝ ነገር ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ያው ቅናት ነበር።

ከዚያ አንድ ምሽት መብራት ጠፋ። ሰፈሩ ሁሉ ጨለመ። እኔ በጨለማ ውስጥ ብቻዬን ፈገግ አልኩ፤ ሰይድም አሁን ልኩን ያውቃል። ከጨለመው ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጬ ሰዎቹ እየተደናበሩ ሲወጡ ለመስማት ጆሮዬን ሰጠሁ። የሰማሁት «ድም… ድም…» ነው። ለካ የጭነት መኪና ባትሪ አዘጋጅቶ ኖሯል።

ይህን ጊዜ ብድግ አልኩ። ጋቢዬን ለበስኩና ስለ ጩኸቱ ልከስ ሄድኩ። ልብ ይበሉ፣ ለፊልም አይደለም፤ ለክስ ነው የሄድኩት፤ ለክስ ደግሞ ጥሪ አያስፈልግም።

የበሩን መጋረጃ ገለጥኩና ቆምኩ። አማረ። ምን ልበልዎት፣ አማረኝ። ያቺ ቀድሞ ጤፍና ስንዴ ይታጨቅባት የነበረች ክፍል ውስጥ ሰው ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግቶ መደቡ ላይ ተቀምጧል፤ የሁሉም ፊት ከስክሪኑ በሚመጣው ብርሃን አንዴ ሰማያዊ አንዴ ቢጫ ይሆናል። ስክሪኑ ላይ አንድ ባሕር አለ፣ ዳር የለውም። እኔ ግን ዳሩን አየሁት፤ የቀመቀምኩት ዳር ቀጥ ብሏል፣ አንድም ቦታ አልተሸበሸበም። ክሴን ረሳሁት። «ጋሼ፣ እዚህ፣ እዚህ» ብለው ሽግሽግ አሉልኝ፤ ሳላውቀው ተቀምጬ ኖሯል። መደቡ አይንኮሻኮሽም። እጄ ላይ የሞቀ ሻይ መጣ።

ከዚያ ዓይኔ የባለቤቱን ወንበር ፈለገ። መቼም ይህን ሁሉ የሠራ ሰው ለራሱ አንድ ዙፋን የሚያህል ቦታ ያስቀራል፤ እኔ ብሆን ምን እንደማደርግ አውቃለሁና። ቦታ የለም። ሰይድ ትሪውን ይዞ በሩ ሥር ቆሟል። ሻይ ያመጣል፣ ብርጭቆ ይሰበስባል፣ ባትሪውን ሊያይ ይወጣል፣ ለሚገባው መጋረጃ ይይዛል። በአጠገቤ ሲያልፍ እጅጌውን ያዝኩት።

«አንተስ ለምን አትቀመጥም?»

«እንግዳ ባለበት ጋሼ? ባለቤት ተቀምጦ ማን ያስተናግዳል?»

እውነቱን ነው። እንግዳ እያለ የሚቀመጥ ባለቤት በኛ ዘንድ ነውረኛ ነው፤ (እኔ በቤቴ እቀመጥ የነበረው ሪሞት ስለምይዝ ነው፤ ያም ሥራ ነው።) ፊልሙ አልቆ ሰው ሲወጣ ብርጭቆ እየለቀመ የነገረኝን ልንገርዎት። ጅዳ የሠራበት ቤት ምድር ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ክፍል ነበር፤ ወንበሩ ለስላሳ፣ ግድግዳው ጨርቅ የለበሰ። እሱ ሻይ እስከ በሩ ብቻ ያደርስ ነበር። የስንቱን ፊልም መጀመሪያ አይቷል፤ መጨረሻውን ግን አንዱንም አላየም። አገሬ ስገባ በገዛ ክፍሌ ቁጭ ብዬ እስከ መጨረሻው አያለሁ ብሎ ለራሱ ቃል ገባ።

«አሁንስ አየህ?»

«የት አይቼ ጋሼ! መደቡን ስለካ ሰፈሩን ሁሉ ቆጠርኩ፤ የራሴን ቦታ ረሳሁ። አሁንም በሩ ላይ ነኝ።» ሳቀ፤ ሳቁ ግን ትንሽ የደከመ ነበር።

ደግ ሰው ቢሆን ያዝናል። እኔ መጀመሪያ የተሰማኝ «እሰይ» ነው። ደስታው ብዙ አልቆየልኝም፤ ሰይድ ትሪውን አስቀምጦ አንገቱን ደፋ አድርጎ እንዲህ አለኝ፦

«ጋሼ፣ ቅር ካላለዎት አንድ እሑድ እርስዎ ቤት መጥቼ ልቀመጥ? ማንም አይመጣም፣ ጸጥታ ነው ሲሉ ሰማሁ።»

ማን ነው ያለው? ሁሉም። ይህ ደግሞ ሌላ ቁስል ነው። ቢሆንም እንግዳ ነው፤ ከስንት ጊዜ በኋላ ቤቴን የፈለገ እንግዳ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ መጣ። የሲኒማውን ኃላፊነት ለሙሉነሽ ሰጥቷት ነበርና እሷ እዚያ፣ እኛ እዚህ። ሰይድ ሶፋው መሃል፣ እኔ የምቀመጥበት ቦታ ላይ ተቀመጠ፤ ፕላስቲኩ ተንኮሻኮሸ። ፊልሙን ከፈትኩለትና አጠገቡ ልቀመጥ ስል ሻይ ትዝ አለኝ። ሙሉነሽ የለችም። ወደ ጓዳ ገባሁ። ስመለስ ፊልሙ ደርቷል፤ በፊቱ ላለማለፍ ትሪውን ይዤ በሩ ሥር ቆምኩ። የሚሞተውን ሰውዬ ለይቼ አውቄዋለሁ፤ ምላሴ በላኝ። የሰይድን ፊት አየሁት፤ እንደ ልጅ ወደ ፊት አዘንብሏል። ዝም አልኩ። የዜናው ሰዓት ደረሰ፤ ሪሞቱ ከነፌስታሉ ኪሴ ውስጥ ነው፤ እሱም ዝም አለ። ብርጭቆው ሲጎድል ልሞላለት ተመለስኩ፤ ከሰሉ አልቀጣጠል ብሎ አዘገየኝ። ሻዩን ይዤ ስወጣ ስክሪኑ ላይ ስም ብቻ ይወርዳል። ሰይድ ዓይኑን በመዳፉ ይጠርጋል።

«አለቀ?»

«አለቀ ጋሼ። ወላሂ፣ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። አላህ ይስጥልኝ።»

«እንዴት ሆነ መጨረሻው? ሰውዬው ሞተ አይደል?»

«አልነግርዎትም» አለኝና ተነስቶ ትከሻዬን ሳመኝ። «ቁጭ ብለው ይዩት።»

ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ይመጣል። በሁለተኛው እሑድ ከመምጣቱ በፊት የሶፋውን ፕላስቲክ በስፌት መቀሴ ተርትሬ ጣልኩት። ለሱ ብዬ አይደለም፤ ድምፁ ሰልችቶኝ ነው። እኔም የፊልም መጨረሻ ማየት ስፈልግ ሰይድ ቤት እሄዳለሁ፤ እሱ ሻይ ይዞ በሩ ላይ ይቆምልኛል። እሱ ሲፈልግ እኔ እቆምለታለሁ። ከዚያ ወዲህ በገዛ ቤቱ መጨረሻውን ያየ ከሁለታችን ማንም የለም።

ታዲያ ቅናቱ ለቀቀህ ወይ ብለው ይጠይቁኝ ይሆናል። አልለቀቀኝም። እንስራዬ አሁንም እዚያ ሰው ያስደንቃል። ስፌቴን አሁንም ሰው ሁሉ ሳያውቅ ፊት ለፊት ያየዋል። ክረምቱ ደግሞ ገብቷል፤ ባናዬን እንዲመልስ ልጠይቀው እልና ድምፁ እንዳይበላሽ ብዬ እተወዋለሁ። ግድግዳው ሞቆታል፤ እኔ ይበርደኛል።