ሻምበልን የማሳደግ ጉዳይ

ደብዳቤን እስከ መጨረሻው ማንበብ የሥራ ፈት ልማድ ነው። ይህን ታላቅ እውነት ቀድሞ ለተረዳ አንድ መሥሪያ ቤት ምስጋና ይግባውና፣ እዚያ ደብዳቤ የሚነበበው «ጉዳዩ» ከሚለው ቃል እስከ መስመሩ ማብቂያ ድረስ ብቻ ነበር። ከዚያ በታች ወርዶ የተገኘ ሠራተኛ በሥራ ሰዓት ልብ ወለድ እንዳነበበ ይቆጠርበታል።

የዚህን መሥሪያ ቤት በር የሚጠብቁት ዘበኛ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያንኑ በር ሲከፍቱና ሲዘጉ ኖረው ጡረታ ሊወጡ አምስት ወር ቀርቷቸዋል። የሚመኙት አንድ ነገር ነው፤ የፈረቃ መሪ ተብለው መውጣት። ቦታው ክፍት ነው፣ ማመልከቻቸውም ገብቷል። በጠየቁ ቁጥር ግን «በሂደት ላይ ነው ጋሼ» ይባላሉ። እሳቸውም ሂደት የተባለው ሰውዬ አንድ ቀን በዚህ በር ሲያልፍ አገኘዋለሁ ብለው ይጠብቃሉ።

እንዲህ እየጠበቁ ሳለ፣ አንድ ጠዋት ከመጋዘኑ ጀርባ ቡችላ ሲያለቅስ አገኙ። ጆሮው ከራሱ ይበልጣል፣ እግሩ ገና አልጠናም፤ ሲራመድ ግን ሠራዊት የሚጎበኝ ይመስል ደረቱን ይነፋል። ስሙን ሻምበል አሉት። ሻምበል በሁለት ቀን ውስጥ የቀኝ ጫማቸውን፣ የጃንጥላቸውን እጀታና የገቢ ወጪ መዝገቡን ጠርዝ በላ። ቢሆንም ወደዱት። ምን ይደረግ፣ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ እሳቸውን ሲያይ ደስ ያለው ባልደረባ እሱ ብቻ ነው።

ዘበኛው ሕግ አክባሪ ናቸውና ለንብረት ክፍል ጻፉ። «ጉዳዩ፦ ሻምበልን ለማሳደግ የሚያስፈልጉ ዕቃዎች እንዲሟሉ ስለመጠየቅ» አሉ። ዕቃዎቹን በሌላ ወረቀት ዘርዝረው አያያዙ፤ አንድ መኝታ፣ አንድ የአንገት ማሰሪያ፣ አንድ ሰንሰለት፣ የሚታኘክ ነገር፣ የቁንጫ መድኃኒት። ቡችላ የምትለው ቃል የገባችው አምስተኛው መስመር ላይ ስለነበር ማንም ሳያያት ቀረች።

የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ «ማሳደግ» የሚለውን እንዳየች ደብዳቤውን ወደ አስተዳደር መራችው። ሰው የሚያሳድግ አስተዳደር ነዋ። የአስተዳደር ኃላፊው «ሻምበል» የሚለው ላይ ሲደርስ ወገቡን ቀጥ አደረገ።

«ማነው ይሄ ሻምበል?»

«እኔ እንጃ፣ አላውቀውም» አለች።

«እኔም አላውቀውም። ሁለታችንም ካላወቅነው ከላይ የመጣ ነው ማለት ነው።»

የዕድገት ኮሚቴው በዚያው ሳምንት ተሰበሰበ። ሰባቱም አባላት ተገኝተው፣ ጉዳዩን በጥልቀት መርምረው፣ በሰባት ፊርማ ሻምበልን የፈረቃ መሪ አደረጉት። የዕቃዎቹ ዝርዝር ደግሞ ለግዢ ክፍል ተላለፈ። ግዢ ክፍል የአንገት ማሰሪያ ሲባል ሰማያዊ ከረባት ገዛ። ሰንሰለት የተባለው የዕዝ ሰንሰለት መሆኑን ተገንዝቦ ማን ለማን ተጠሪ እንደሆነ የሚያሳይ ሰንጠረዥ በመስታወት አስገጠመ። የሚታኘክ ነገር አንድ ካርቶን ማስቲካ ሆነ። ቁንጫ ያለበት ክፍል ለኃላፊ አይመጥንም ተብሎም ፀሐይ የሚገባበት ቢሮ ተለቀቀ።

ዘበኛው ሹመቱን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አነበቡ። የጠበቁት ቦታ ሄዷል፤ የወሰደው ደግሞ ጫማቸውን የበላው ነው። በቀጥታ አስተዳደር ገቡ።

«ጌታዬ፣ ይሄ ሻምበል የተባለው...»

«ያውቋቸዋል እንዴ?»

«እንዴት አላውቀው፣ እኔ ጋ አይደል የሚያድረው።»

ኃላፊው ብድግ ብሎ ወንበር ሳበላቸው። «እስቲ ይንገሩኝ ጋሼ፣ ምን ዓይነት ሰው ናቸው?»

«ሰው አይደለም።»

«ይጨክናሉ?»

«ውሻ ነው እኮ የምልዎት።»

ኃላፊው በሩን ዘጋ። ድምፁንም ዝቅ አደረገ። «ጋሼ፣ ስለ አለቃዎ እንዲህ አይናገሩ። ልጆች አሉኝ፤ እኔ አልሰማሁም።»

ሰኞ ዕለት ዋና ሥራ አስኪያጁ ራሳቸው ኮሚቴውን አስከትለው ወደ በሩ ወረዱ። ከረባቱ በትሪ ላይ ተቀምጧል። ስለ ሻምበል የረጅም ዘመን ልምድ፣ ስለ ቆራጥነታቸውና ስለ ጨዋነታቸው ሃያ ደቂቃ ተናገሩና ግራ ቀኝ አዩ።

«የት ናቸው?»

ዘበኛው ጎንበስ ብለው ቡችላውን ከወንበራቸው ሥር አወጡት። ሻምበል ሥራ አስኪያጁን አሸተተ፣ ጭራውን ቆላ፣ የሹመት ደብዳቤውን ከእጃቸው ቀምቶ ማኘክ ጀመረ። ሰባቱ የኮሚቴ አባላት ሰማይ ሰማይ አዩ።

«ማነው የፈረመው?» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

«ሁላችንም ነን ጌታዬ» አለ የአስተዳደር ኃላፊው። «በመጨረሻ እርስዎ አጸደቁት።»

ሥራ አስኪያጁ ጥቂት አሰቡ። ካሰቡም በኋላ እንደ ታላቅ መሪ ስህተቱን ከራሳቸው አንስተው ቃሉ ላይ ጫኑት። በማግስቱ ለሁሉም ክፍሎች ሰርኩላር ወጣ። «ማሳደግ የሚለው ቃል ሲያደናግር የቆየ በመሆኑ፣ ከዛሬ ጀምሮ በመሥሪያ ቤታችን ትርጉሙ አንድን ፍጡር እያበሉ በቁመትና በክብደት እንዲጨምር ማድረግ ብቻ ነው። የፈረቃ መሪው ቦታም በአዲሱ ትርጉም መሠረት እንደገና ይታያል» ይላል።

ዘበኛው «እንደገና ይታያል» የምትለዋን ደጋግመው አነበቧት። ለካ ገና አልመሸም። ሻምበልን እግራቸው ሥር አስተኝተው፣ መነጽራቸውን ጠርገው፣ የሕይወታቸውን ምርጥ ማመልከቻ ጻፉ። አሥራ አንዱን ዓመት ዘረዘሩ፣ አንድ ቀን እንኳ አለመቅረታቸውን ገለጹ። ከላይ ግን እንደ ደንቡ «ጉዳዩ፦ እኔን ስለማሳደግ» ብለው ነበር።

ሂደት ለመጀመሪያ ጊዜ ሮጠ። መልሱ በማግስቱ ደረሳቸው፤ በሰባት ፊርማና በክብ ማኅተም።

«አመልካች ሃምሳ ዘጠኝ ዓመት ከሰባት ወር እንደሆናቸው ከማኅደራቸው ተረጋግጧል። በመሆኑም አድገው የጨረሱ ስለሆነ ጥያቄያቸውን አልተቀበልነውም። ቦታው ገና ብዙ የሚያድጉ ሆነው ለተገኙት ለሻምበል ጸንቷል። አመልካች ከዚህ በላይ አቤቱታ ካላቸው የዕዝ ሰንሰለቱን ጠብቀው ለቅርብ አለቃቸው ያቅርቡ።»