አድራሻ የሌላት ልብስ ሰፊ

ሰው ሁሉ እንዲያውቃቸው የሚለፉ፣ ግን ማንም እንዳያገኛቸው የሚጠነቀቁ ሰዎች አጋጥመዋችሁ ያውቃሉ? እኔ ከካዛንቺስ ሳልወጣ ላሳያችሁ እችላለሁ፤ የኔው ቤት ነው።

ልጄ ሰናይት እቤት የሕፃናት ልብስ ትሰፋለች። ገበያ ይመጣልኛል ብላ ኢንተርኔት ላይ ብሎግ የሚሉትን ከፈተች፤ ስለ ስፌቷ ትጽፋለች፣ ፎቶ ታወጣለች። አንድ ነገር ብቻ ለመንኳት፤ ስማችንን፣ ቤታችንንና ስልካችንን እንዳትጽፍ። ሌባስ ማንበብ ይችል የለ? እሺ አለችኝ።

አንባቢው በየቀኑ በዛ። «እጅሽ ይባረክ» ይላሉ፤ «የት ነው የምትገኚው?» ይላሉ። ልብስ የሚያዝ ግን ጠፋ።

አንድ ቀን ሰናይት፣ «እማዬ፣ በቃ፣ እስከ ፋሲካ ሥራ ካልመጣ ማሽኑን ሸጬ ቤሩት እሄዳለሁ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ እህል አልወረደልኝም።

በሳምንቱ ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ስልካቸውን ይዘው መጡ። ሰናይት የተቀደደ የምትጠግን ብቻ ነበር የምትመስላቸው።

«ይቺን ልብስ ሰፊ ታውቂያታለሽ?» አሉኝ ፎቶውን እያሳዩ። «ለልጅ ልጄ ክርስትና ልብስ ላሰፋ ፈልጌያት ኦሎምፒያ ሄድኩ፣ ቄራ ወረድኩ፣ የለችም። ምን ዓይነት ሰው ናት፣ ተደብቃ የምትሰፋ?»

ከውስጥ የማሽኑ ድምፅ ቆመ። ሰናይት በበሩ ብቅ ብላ፣ «እማዬ፣ ልንገራቸው?» አለችኝ።

«ንገሪያቸው» አልኳት። «ብሎጉም ላይ ጻፊው፤ ከታክሲ ማቆሚያው ጀርባ፣ ሰማያዊው በር። ስልኬንም ጨምሪ። ከሥሩ ግን ኃይለኛ ውሻ አለ በይ።»

ውሻ እንኳ የለንም።